ተረፈ

ላይፕዚግ ላይ በኅዳር፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱ ይጠቁራል፤
ትራም ባለፈ ቁጥር የመደርደሪያዬ ብርጭቆ ያጉረመርማል።
ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ገብቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣
ላፕቶፔን ብከፍተው ያው ነገር ብቅ፦
«ይህ መሣሪያ አርጅቷል። ከእንግዲህ አንጠግነውም።
እባክዎ አዲስ ይግዙ።»
አንቱ እያሉ ሲያባርሩ፣
በጨዋ አፍ ሲገዘግዙ!

ምን አጠፋ? ከቁልፎቹ «ኤን» ብቻ ናት የደበዘዘች።
እኔም ሃምሳ ሰባት ሞላኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ስታይ መንቋቋት ጀምራለች፤
ታዲያ ነገ በበሬ ላይ ማስታወቂያ ሊለጠፍ ነው?

ከታችኛው ፎቅ ኤካርት፣ ጡረታ የወጣው ባቡር ጠጋኝ፣
አገሩ በግንብ በታጠረ ጊዜ ከውዳቂ ሽቦ ራዲዮ የሠራ፣
በጫማ ማሰሪያ ያንጠለጠላትን ፍላሽ ይዞልኝ መጣ።
«ስንት ነው?» አልኩት።
«ምንም።»
ምንም የሚል ሰው ያስፈራኛል፤ ኋላ የሚጠይቀው አይታወቅም።

«በነፃ ነው ወይስ ነፃ ነው?» ልለው ፈልጌ ጀርመንኛው እምቢ አለኝ።
በእኛ ዘንድ ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት «በ» ናት፤
እሷ ካለች ነገሩ ዋጋ የለውም፣
እሷ ከሌለች ጌታ የለውም።
እሱ ግን በእጁ አስረዳኝ፤ ክዳን ሲከፍት፣ አንጀት ሲያሳይ፦
«እዩት፣ ቀይሩት ብለው ነው የሰጡን። ብሎኑ አልተበየደም።»

«ሲነሳ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ኤፍ አሥራ ሁለትን ቶሎ ቶሎ ምቺ።»
መታሁ። ዘገየሽ አለኝ። ደግሜ መታሁ። ፈጠንሽ።
በሦስተኛው ጥቁር መጋረጃ ወረደ፤
ነጫጭ መስመሮች እንደ ተረገጠ ጉንዳን ተራወጡ።
እኔ በቃ ሞተ ስል ኤካርት ፈገግ፦ «ይኼ እኮ ጤንነቱ ነው።»

ከዚያ የቋንቋ ዝርዝር። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፤
ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ልተወው ስል
«አማርኛ»።
ማንም ሳይጠራት ቀድማኝ መጥታ ቁጭ ብላለች።
ማን ተረጎማት? በየትኛው ሌሊት? ማን ከፍሎት?
ግማሹን ሠርቶ ደክሞት ሄዷል መሰለኝ፤
አንዱ መስመር አማርኛ፣ ቀጣዩ እንግሊዝኛ፣
ግድግዳው ተለስኖ ጣሪያው የቀረ ቤት።

«ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፤
በአንዱ «ቀጥል»፣ በአንዱ «ሰርዝ»።
ምኑን ነው የምሰርዘው? ሐሳቤን ወይስ ዲስኩን?
ለኤካርት ላስረዳው ብል ለእሱም ግራ ገባው፤
«በቋንቋሽ መሐል እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ሻዩን ጠጣ።

የልጄን የምንታምርን ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶ ቀደም ብዬ አውጥቻለሁ።
ከፍርድ ቤት የመጣውን የፍቺ ወረቀት ግን
እዚያው ተውኩት።
«ቀጥል»ን ነካሁ።

አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ላፕቶፑ እንደ ማጠቢያ ማሽኖቻችን ሲያጓራ
ኤካርት ስለ አንድ ሎኮሞቲቭ አወራኝ፤
ሦስት ጊዜ አይነሳም ተብሎ
በአራተኛው ክረምት የከተማውን ከሰል ስለጎተተ።
መጨረሻ ላይ ጥያቄ መጣ፦ «የዚህ ኮምፒዩተር ስም?»
ብዙም ሳላስብ ጻፍኩ፦ ተረፈ።

ስለ «ሰርዝ» ጻፍኩላቸው። ለማን እንደሆነ አላውቅም።
«እዚህ ላይ ‹ተወው› ቢባል ይሻላል፤ ሰው ይደነግጣል» ነው ያልኩት።
መልስ የለም። የፈረንጅ ገና አለፈ፣ በረዶው ቆሸሸ፣
ኤካርት ወገቡን ታሞ ተሻለው።
በመጋቢት አንድ ማለዳ ተረፈ ራሱን አድሶ ተነሳ።
ለምንታምር ጽፌ ያልላክሁትን ደብዳቤ
ላጠፋ ስል፣ ቁልፉ ላይ
«ተወው» ይላል።

እኔም ተውኩት።